«ፒክ አፕ» ማንሳት ብቻ ነው? «ዩ»ስ የት ይገባል?

ሰናይት
ሰላም። መዝገበ ቃላቱ የእንግሊዝኛውን «ፒክ አፕ» «ማንሳት» ብሎ ያልፈዋል። «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ሲባል ታዲያ ማን ምን አነሳ? «ሺ ፒክድ አፕ አማሪክ»ስ? ደግሞ «አይ ዊል ፒክ አፕ ዩ» ስህተት ነው ይላሉ፤ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

ቃል ለቃሚ
ከ«ፒክ» ጀምሪ። ጥንት በሾለ ነገር መውጋት፣ መጫር ማለት ነበር፤ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም የሚባለው «ፔክ» ዘመዱ ነው። ከዚያ በጣት ነጥሎ መውሰድ ሆነ፤ ቡና ለቀማን «ኮፊ ፒኪንግ» የሚሉት ለዚህ ነው። «አፕ» ሲጨመርበት ከመሬት ይዞ ብድግ ማድረግ ይሆናል። «ሊፍት» ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፣ መያዙ የለበትም።

ስለዚህ «ማንሳት»ን ትተሽ «መልቀም»ን ብትይዢ ብዙው ይፈታል። አማርኛ «ፒክ አፕ» ያደረገች ሴት ከሰፈር፣ ከሥራ ቦታ ለቃቅማ ነው የቻለችው፤ ክፍል ገብታ ከተማረች «ለርንድ» ይሻላል። ጉንፋንም እንዲሁ ከሰው ይለቀማል። ሬዲዮ ጣቢያ ሲስብም «ፒክ አፕ» ነው፤ የጊታር «ፒካፕ» የክሩን ንዝረት የሚለቅመው ክፍል ነው።

ገበያው ላይ ግን ለቀማ የለም። እዚያ ሥራውን የሚሠራው «አፕ» ነው፣ ግሱም ተሳቢ አይፈልግም፦ ገበያው ተነቃቃ፣ ነፋሱ በረታ።

ባለ ሰዋስው
ተውላጠ ስም ምንጊዜም መሀል ይገባል፦ «ፒክ ዩ አፕ»፣ «ፒክ ኢት አፕ»። ስም ከሆነ እንደ ፍላጎትሽ ነው፤ «ፒክ አፕ ዘ ኪድስ»ም «ፒክ ዘ ኪድስ አፕ»ም ይባላል። ስሙ ገላጭ ቃል በዝቶበት ከረዘመ ግን መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ አለዚያ «አፕ» እስኪመጣ ሰሚው ግሱን ይረሳዋል።

ጆሮ ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። «ፒክ ኢት አፕ» ሲነገር ተያይዞ «ፒኪታፕ» ይሆናል። አሜሪካኖች ጋ ደግሞ በሁለት አናባቢ መሀል ያለችው «ት» እንደኛ «ር» አንዴ መታ አድርጋ ታልፋለች፦ «ፒኪራፕ»። ያለፈው ጊዜም «ፒክድ» አይባልም፤ ከ«ክ» በኋላ «ድ» ወደ «ት» ስለሚዞር «ፒክታፕ» በይ።

ግስ ሲሆን ሁለት ቃል ተደርጎ ይጻፋል፣ ድምፁ «አፕ» ላይ ጠንከር ይላል። ስም ሲሆን አንድ ቃል ነው፣ ድምፁ «ፒክ» ላይ ጠንከር ይላል። መኪናውን «ፒካፕ» የምንለው ከስሙ ነው።

የማታ ሾፌር
ቃል ለቃሚ፣ ለቀማህ ሰው ላይ አይሠራም። «አይል ፒክ ዩ አፕ» ማለት መጥቼ እወስድሃለሁ ነው፤ ለታክሲ ከሆነ ደግሞ መጫን። ተቃራኒው «ድሮፕ ኦፍ» ነው፣ ማውረድ። ፖሊስ «ፒክ አፕ» አደረገው ከተባለ ግን ሰውዬው ተይዟል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «አይ ፒክታፕ ኤ ገርል ላስት ናይት» ያለ ሰው ሴት ጠበስኩ ማለቱ ነው። ልጅሽን ከትምህርት ቤት ያመጣሽ እንደሆነ «ማይ ዶተር»፣ ተሳፋሪ ከሆነች «ኤ ፓሰንጀር» በይ። «አይል ፒክ አፕ ዘ ታብ» ያለሽ ሰው ግን ሒሳቡን ሊከፍል ነው፣ ዝም ብለሽ ብይ።

ሰናይት
እሺ፣ «ሂ ዲድንት ፒክ አፕ ኦን ኢት»ስ? እዚህ «ኢት» መሀል አልገባም።

ባለ ሰዋስው
«ፒክ አፕ ኦን» ሌላ ግስ ነው፤ ነገሩን መንቃት፣ ሳይነገር መረዳት። «ኢት» የ«ኦን» ስለሆነ ከ«ኦን» አይለይም፤ «አልነቃበትም» ማለት ነው። «ኦን ኢት» ተቆርጦ «ሂ ዲድንት ፒክ አፕ» ብቻ ከቀረ ግን ስልክ አላነሳም።