ልምምድ ላይ አንበሳ፣ ውድድር ላይ ግን…

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። 800 ሜትር ሯጭ ነኝ። ልምምድ ላይ ሰዓቴ ጥሩ ነው። ውድድር ሲደርስ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ማታውን እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ጠዋት ሦስት አራቴ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። መነሻው መስመር ላይ ልቤ ድው ድው ይላል። ከዚያ የመጀመሪያውን ዙር እንደ እብድ እከንፍና ሁለተኛው ላይ እግሬ ይተሳሰራል። ጓደኛዬ «የልብ ምት የሚያበርድ ክኒን ልስጥህ?» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

የድሮ ዋናተኛ፦ ሽንት ቤቱ አያሳፍርህ፣ ሁላችንም ተሰልፈንበታል። አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሲለቀቅ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ሆድ የሚረበሸው ለዚህ ነው። የቅርጫት ኳሱ ቢል ራስል ከጨዋታ በፊት ያስመልሰው ነበር። 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል! እኔ «ፈራሁ» ማለቱን ትቼ «ሰውነቴ እየተዘጋጀ ነው» ስል ነው የቀለለኝ።

የጤና ባለሙያ፦ ክኒኑን እርሳው! ቤታ ብሎከር ከሆነ፣ ልብህ መፍጠን ባለበት ሰዓት ይይዘዋል። ፍሬን ረግጦ መንዳት በለው። አስም ላለበትማ አደገኛ ነው። በዒላማ ተኩስና በቀስት ውድድር ጭራሽ ክልክል ነው። በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ አንድ ተኳሽ ሁለት ሜዳሊያ የተነጠቀው በዚሁ ነው።

አሰልጣኝ፦ እኔን ያሳሰበኝ የመጀመሪያው ዙር ነው። የሰውነት ጭንቀት ሩጫው ሲጀመር ብዙ ጊዜ ይበርዳል። የሐሳቡ ግን አብሮህ ይሮጣል። «ስንተኛ እወጣለሁ?» እያልክ ነው የምትከንፈው። ለሐሳብህ ሥራ ስጠው፦ የመጀመሪያውን 200 በስንት ሴኮንድ እንደምታልፍ ብቻ። ማሟሟቂያህ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። አልፎ አልፎ ልምምድህን ሰው እያየህ፣ ሰዓት እየተያዘብህ ሩጥ። ከመነሻው በፊት ለ4 ቆጥረህ አየር ሳብ፣ ለ6 ቆጥረህ አስወጣ።

የድሮ ዋናተኛ፦ አተነፋፈሱ ለእኔ አልሠራም። ጭራሽ ልቤን ሳዳምጥ ባሰብኝ። ሙዚቃ ይሻለኛል።

አሰልጣኝ፦ ያጋጥማል። ለዚህ ነው ልምምድ ላይ ቀድሞ የሚሞከረው።

ጠያቂ፦ እንቅልፉስ?

የጤና ባለሙያ፦ ከውድድሩ ዋዜማ በፊት ባሉት ሌሊቶች በደንብ ተኛ። የአንድ ማታ እጦት እንደምትፈራው አይጥልህም። ጭንቀቱ ከውድድር ውጭም ከተከተለህ ግን የስፖርት ሳይኮሎጂ ባለሙያ አነጋግር።

ጠያቂ፦ ክኒኑን እንቢ ብያለሁ። ቅዳሜ የመጀመሪያውን 200 በ28 ሴኮንድ ልሞክር።

አሰልጣኝ፦ ምርጥ ሰዓትህ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ 2 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ።

አሰልጣኝ፦ አሁንም እየከነፍክ ነው ወንድሜ። 30 አድርገው።