ከኒኮን ዲ750 ወደ ዲ850 ልለፍ ወይስ ልቆይ? (ሰርግ + የቤት ፎቶ)

የጣፎው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ገቢዬ በብዛት ሰርግ፣ መልስ እና ልደት ነው። ካሜራዬ ኒኮን ዲ750 ነው፤ እስካሁን አላስቸገረኝም። በቅርቡ ግን ሌላ ሥራ መጣ። እዚሁ ሰፈር ቤት ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች የቤቶቹን ውስጥና ውጭ አንሳልን አሉኝ። ለብሮሹር እና አጥሩ ላይ ለሚሰቀል ትልቅ ባነር ነው። "ካሜራህ ስንት ሜጋፒክስል ነው?" ሲሉኝ 24 አልኳቸው፤ ፊታቸው ቅር አለው።

አሁን አንድ ሰው ያገለገለ ዲ850 እየሸጠ ነው። ቦዲ ብቻ፣ ያለ ሌንስ። የጠራው ዋጋ ያጠራቀምኩትን ጥርግ አድርጎ ይወስደዋል፣ ለሌንስ ሰባራ ሳንቲም አይተርፈኝም። ያሉኝ ሌንሶች 24-120 ኤፍ 4 እና 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ናቸው። የዲ850 45.7 ሜጋፒክስል ያን ያህል ለውጥ አለው? የሠራበት ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ግዛ የምትሉኝ እባካችሁ እለፉኝ፣ አቅሜን ነግሬያችኋለሁ።

ቀለምና ወረቀት፦

እኔ ኅትመት ላይ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ከባነሩ ልጀምር። 3 ሜትር በ2 ሜትር ባነር ላይ የዲ750 ፎቶ ስትዘረጋው በአንድ ኢንች 50 ገደማ ፒክስል ይደርሰዋል። የዲ850 ደግሞ 70 ገደማ። አስፋልት ማዶ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው ናቸው።

45 የ24 እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው ብለህም አትደንግጥ። የዲ750 ፎቶ ወርዱ 6016 ፒክስል ነው፣ የዲ850 8256። በወርድ ሲለካ ጭማሪው ከሲሶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በእጅ ተይዞ በቅርብ በሚታይ ሥራ ላይ ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስናትም ያንተው ካሜራ እስከ 51 በ34 ሳንቲሜትር ይሄዳል፤ ዲ850 እስከ 70 በ46። ብሮሹሩ ኤ4 ከሆነ 24 ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።

እኛ ጋ ሥራ የሚበላሸው በሌላ ነገር ነው። ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይልኩታል፣ ተጨምቆ ይደርሰናል፣ ከዚያ "ለምን ደበዘዘ?" ብለው እኛው ላይ ይጮኻሉ። ፋይል አድርጋችሁ ላኩ ጎበዝ!

ሰንዳፋ ስቱዲዮ፦

ቀለምና ወረቀት ያለው የባነሩ ነገር ልክ ነው። ግን የቤት ፎቶ ሌላ ጣጣ አለው። ሕንፃ ስታነሳ ካሜራውን ትንሽ ቀና ካደረግከው ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይጋደማሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ቀጥ ስታደርጋቸው ደግሞ ዳርና ዳሩ ይቆረጣል፣ በዚያ ላይ ባለቤቱ መጥቶ "ከዚህ ላይ ኩሽናውን ብቻ አውጣልኝ" ይልሃል፣ እሱም ሌላ መቁረጥ ነው። እዚህ ላይ ሜጋፒክስሉ ያስፈልግሃል፣ አልዋሽህም። ዲ850 ላይ አይሶውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 64 አድርገህ፣ ትራይፖድ ላይ አስረህ፣ በሁለት ሰከንድ ታይመር ስታነሳ የመጋረጃውን ክር ትቆጥራለህ።

ችግሩ ሌንሱ ነው። በ24 ሚሊ መታጠቢያ ቤት ልታነሳ? ጀርባህ በሩን ገፍቶ ኮሪደር ላይ ትወጣለህ። ለቤት ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልግህ 16-35 ወይም 14-24 ነው። 24-120ው ደግሞ ዳር ዳር ላይ ትንሽ የሚለሰልስ ሌንስ ነው፤ 24 ሜጋፒክስል ላይ ያላስተዋልከውን 45 ላይ ፍጥጥ ብሎ ታየዋለህ። ሁሉም ነገር ጥርት ይበል ብለህ ኤፍ 16 እንዳታስገባም፤ ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን የከፈልክበት ጥራት እዚያው ይቀራል። ኤፍ 8 አካባቢ ቆይ።

ሰርግ ላይ ደግሞ በእጅህ ይዘህ ነው የምታነሳው። በ120 ሚሊ የ1/125 ሰከንድ ፍጥነት ይበቃኛል የሚለው የድሮ ልማድ እዚህ አይሠራም፣ 1/250 ግባ። እስክስታ ላይ ከዚያም በላይ። ካሜራው አይንቀጠቀጥም፣ እጅህ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ 45 ሜጋፒክስል ይህን አይደብቅልህም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም የማያነሳው። ዲ850 ሴንሰሩ ፊት ሎው ፓስ ፊልተር (ደቃቅ ዝርዝርን ትንሽ የሚያለሰልስ ማጣሪያ) የለውም፤ ያንተ ዲ750 አለው። ጥራቱ የሚጨምረው በከፊል በዚህ ነው። ግን ሽመናው ደቀቅ ያለ ነጠላ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ከተወሰነ ርቀት ስታነሳ ጨርቁ ላይ የሌለ ቀለም፣ አረንጓዴና ሮዝ ሞገድ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ አይደለም። ሲመጣ ግን የሙሽሪትን ቀሚስ በብሩሽ እየነካካህ ታመሻለህ። አንድ እርምጃ ጠጋ ወይም ራቅ ብለህ ድገመው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ጋሽ ፊልም፦

ልጄ፣ እኔ ከፊልም ጀምሮ ሠርቻለሁ። ማንም ያልነገረህን ልንገርህ። ዲ850 በሙሉ መጠን ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ሲያነሳ አንዷ ፎቶ 50 ሜጋ አካባቢ ናት። ሰርግ ላይ 1500 ፎቶ ብታነሳ 75 ጊጋ ማለት ነው። ሁለት ቦታ ስታስቀምጥ 150። ሀርድ ዲስክህ ስንት ነው? ላፕቶፕህስ ራሙ ስንት ነው? በእኛ መንደር መብራት ሲሄድ ኤክስፖርቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ፋይሉ ሲከብድ ደግሞ ግማሹም ራቅ ይላል።

ካርዱንም አስብ። አንዱ ማስገቢያ የተለመደው ኤስዲ ነው፣ ሌላው ኤክስኪውዲ የሚባል ሌላ ዓይነት ካርድ። የኤክስኪውዲ ካርድ እንደ ኤስዲ ከየሱቁ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። ፈርምዌሩ (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ከታደሰ ሲኤፍኤክስፕረስ የሚባለውንም ካርድ ይቀበላል፣ እሱም ርካሽ አይደለም። ሙሽራን በአንድ ካርድ ብቻ ማንሳት እኔ አልደፍርም።

ካሜራው ሮውን ዝቅ አድርጎ 25.6 ሜጋፒክስል የሚያነሳበት ምርጫ አለው፣ ሰርግ ላይ እሱን ተጠቀም ይሉሃል። እሺ፤ ታዲያ 25 ልታነሳበት 24ቱን ለምን ትሸጣለህ?

ባለ ዲ850፦

ጋሼ በአክብሮት አልስማማም። ሁሉም ሰው ሜጋፒክስል ሜጋፒክስል ይላል፣ እኔ ግን ይህን ካሜራ የወደድኩት በፎከሱ ነው። ዲ750 51 ነጥብ አለው፣ ይኼ 153። ተክሊል ሊነሳ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጧፍ ብቻ በበራበት ካሜራ ወዲያ ወዲህ ሲልብህ ቄሱ አይጠብቁህም። ቁልፎቹም ጨለማ ውስጥ ይበራሉ፣ ትንሽ ነገር ትመስላለች እንጂ ስትለምዳት አትለቃትም።

ሌላው ክሮፑ ነው። ቅርብ መሄድ በማይፈቀድበት ቦታ በዲኤክስ ክሮፕ (የሴንሰሩን መሃል ብቻ በሚጠቀመው ምርጫ) 50 ሚሊህ እንደ 75 ይሆንልሃል፣ ያኔም 19 ሜጋፒክስል በእጅህ ነው። በዲ750 እንዲህ ስታደርግ 10 ይቀርሃል። የዲ750 ባትሪዎችህም ይገቡበታል፣ ሌንሶችህም። ክብደቱ ብቻ አንድ ኪሎ ነው፣ ማታ ላይ አንገትህ ይነግርሃል።

ኖይዝ (በጨለማ ፎቶው ላይ የሚመጣው ነጠብጣብ) ይበዛል የሚሉትን አትስማ። መቶ በመቶ አጉልተህ ካየኸው አዎ፤ ሁለቱን በአንድ መጠን አትመህ ብታያቸው ግን ለመለየት ትቸገራለህ።

የጣፎው ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎንም። ራሙ 8 ነው፣ አይሳቁብኝ። ለቤቱ ሥራ ሰፊ ሌንስ እንደሚያስፈልገኝ አሁን ገብቶኛል። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ለዚህኛው ሥራ ሰፊ ሌንስ ተከራይቼ በራሴ ዲ750 ላነሳ። ሰዎቹ ሥራውን ካስቀጠሉኝ ሌንሱን እገዛለሁ፣ ቦዲው ከዚያ በኋላ። ግን ይኼ ሰውዬ ዋጋ ቢቀንስልኝስ እያልኩ ልቤ ቆሟል። ብገዛው ምን ምን ልይ?

ሰንዳፋ ስቱዲዮ፦

እንዳትሸወድ። አንደኛ፣ ዛሬ የተነሳ ጄፔግ ከካሜራው እንዳለ፣ በፋይል፣ ይላክልህ። የሻተር ብዛቱ (ካሜራው እስካሁን ስንት ጊዜ እንዳነሳ) ፎቶው ውስጥ ተጽፎ ይመጣል፣ የሚያነብ ድረ ገጽ ሞልቷል። ሻተሩ የተፈተነው ለ200,000 ፎቶ ነው። ያን ካለፈ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፣ ግን ዋጋው ላይ ትከራከርበታለህ።

ከዚያ በአካል ስታየው የራስህን ሌንስ ይዘህ ሂድ። ኤፍ 16 አድርገህ፣ ፎከሱን አጥፍተህ፣ ጥርት ያለ ሰማይ አንሳ። ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፣ በእኛ ሰፈር አቧራ የሌለው ካሜራ ያልወጣ ካሜራ ነው። ቀጭን መስመር ካየህ ግን ጭረት ሊሆን ይችላል፣ ላሽ በል። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ ሞክር። ኤክስኪውዲ ካርድ የለኝም ካለህ ተውሰህም ቢሆን ሞክር፤ ብዙ ሻጭ በኤስዲው ብቻ አሳይቶ ይሸኝሃል። መያዣው ላይ ያለው ጎማ ከተላቀቀም እይ። ቀብድ አትስጥ።

የጣፎው ልጅ፦

ፎቶ ላከልኝ። በቴሌግራም፣ እንደ ፎቶ። ምንም መረጃ የለውም። በፋይል ላክልኝ ብዬው አይቶታል፣ አልመለሰም።

ባለ ዲ850፦

አንድ ቀን ጠብቀው። ካልመለሰ ተወው፣ ካሜራው ብዙ ስለተሸጠ ሌላ አይጠፋም። ለሰፊ ሌንሱ ኪራይ ግን አሁኑኑ ደውል፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ስላለ ሁሉም ይወጣል።