አስቸኳይ! የወፍጮ ሞተር ብሎን የተከልንበት ኢፖክሲ አልደርቅ አለ

ወፍጮ_ደምበጫ፦ እንዴት ዋላችሁ። የሞተሩ ብሎኖች አራቱም ከኮንክሪቱ ተናግተው ነቅለን፣ ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፍተን በኢፖክሲ (ሬዚንና ሃርድነር የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠጥር ሙጫ) ተከልናቸው። ከትናንት ወዲያ ነው፤ አሁንም በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ዳዶውን ስናጠብቅ ብሎኑ አብሮ ይዞራል። እህል የያዘ ሰው ደጅ ላይ ነው። ሃርድነር ልጨምርበት?

ብየዳ_ማርቆስ፦ ብርድ ነው። በሐምሌ ምን ትጠብቃለህ? 200 ዋት አምፖል አስጠግተህ አሳድረው።

ፑንታ_16፦ እኔም አምፖል ነው የምለው። አሙቀው።

የጣና_ዳር፦ ለተሰለፉት ጠላ ቅዳላቸው፤ ኢፖክሲው ባይደርቅ ጋኑ ይደርቃል 😂

ሙጫ_አዋቂ፦ አምፖሉ ይቆይ። ጣሳው ላይ የተጻፈው መጠን ስንት ነው? በምን ለካችሁ? መደባለቂያው ላይ የተረፈውስ እንዴት ሆነ? የተረፈው ጠጥሮ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ብቻ ከለሰለሰ ብርድ ነው፤ አንድ ላይ የተከማቸ ኢፖክሲ ራሱን ያሞቃል፣ ቀዝቃዛ ኮንክሪት ግን ሙቀቱን ይነጥቀዋል። ሁለቱም ከለሰለሱ ግን ጥፋቱ ከልኬት ወይም ከማደባለቁ ነው።

ወፍጮ_ደምበጫ፦ ጣሳው በክብደት 100 ለ 50 ይላል። ሻጩ እኩል ለእኩል በሉት ስላለን በሲኒ አንድ ለአንድ አደረግነው። የተረፈውም እንደ ጎማ ነው። ሃርድነሩ በዛ እንጂ አላነሰ፣ ለምን አይደርቅም?

ሙጫ_አዋቂ፦ ስለበዛ ነዋ! ሃርድነር እርሾ አይደለም፣ ሲበዛ ቶሎ አያነሳም። ከፋይበር ግላስ ጋር አምታታችሁት መሰለኝ። እዚያ ፖሊስተሩ ላይ የሚጨመረው ፔሮክሳይድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሆኖ ሥራውን ያስጀምራል፣ በቃ። የኢፖክሲ ሃርድነር ግን ራሱ የሙጫው አካል ሆኖ ይቀራል። የሬዚኑ ሞለኪውል ሁለት ጫፎቹ ላይ የኢፖክሲ ቀለበት አለው፤ የሃርድነሩ ጫፎች አሚን (ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን የያዘ ክፍል) ናቸው። አንድ የአሚን ሃይድሮጅን አንድ ቀለበት ይከፍታል። አሚኑ ሲበዛ ቀለበቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ሰንሰለቶቹ መረብ ሳይሠሩ አጫጭር ሆነው ይቀራሉ። አሁን ብታሞቀውም የሚያያዝበት ነገር የለም።

ሒሳቡን ለሚፈልግ፦ የተለመደው ፈሳሽ ሬዚን የኢፖክሲ ኢኩቫለንት ክብደት (አንድ ድርሻ ቀለበት የሚይዘው ግራም) 190 ገደማ ነው። ጫፉ አሚን የሆነው፣ የሞለኪውል ክብደቱ 230 ገደማ የሆነ የፖሊኢተር ሃርድነር የሃይድሮጅን ኢኩቫለንቱ (አንድ ድርሻ የአሚን ሃይድሮጅን የሚይዘው ግራም) 60 ነው፤ 60 × 100 ÷ 190፣ ማለትም ለ100 ግራም ሬዚን 32 ግራም። ሌላው ሃርድነር ትራይኤቲሊንቴትራሚን ኢኩቫለንቱ 24 ገደማ ስለሆነ 13 ግራም ይበቃዋል። ያንተ ጣሳ 50 ካለ 50 ነው።

ብሎንና_ዳዶ፦ አንድ ለአንድ የሚደባለቅም አለ እኮ፣ ፖሊአማይድ ሃርድነር ያላቸው ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ጣሳ ማንበብ ነው። ለማንኛውም እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። አራት ብሎን አንዴ ለምን ይናጋል? ወይ ፑሌጃዎቹ (ቺንጋው፣ ማለትም ቀበቶው፣ የሚዞርባቸው መዘውሮች) አልተያዩም፣ ወይ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል። በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ክር ወጥር፤ አራት ቦታ ካልነካ ምንም ሙጫ አያቆመውም።

ወፍጮ_ደምበጫ፦ ፑሌጃውን በኋላ አያለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ትራፓኖ_ቡሬ፦ ሞተሩን አንሳ፣ ብሎኖቹን በቁልፍ እያዞርህ ሳባቸው፤ ለስላሳ ስለሆነ ይለቃሉ። ብሎኑ 16 ሚሊ ከሆነ በ22 ሚሊ ፑንታ እስከ ንጹሕ ኮንክሪት ድረስ ብሳ፤ የጎማው ቅሪት ካለ አዲሱም አይይዝም። ጥልቀቱ የብሎኑን ውፍረት አሥር እጥፍ፣ 16 ሳንቲም ይሁን። በሽቦ ብሩሽ ፈትግ፣ በኮምፕሬሰር ከታች ጀምረህ ንፋ፣ ሁለቱንም ድገም። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ አቧራ ላይ የተጣበቀ ሙጫ ከነአቧራው ይወጣል። እርጥበት ካለ አድርቅ። ብሎኑ ጥርስ ያለው፣ ዘይት ያልነካው ይሁን።

100 ግራም ሬዚንና 50 ግራም ሃርድነር ለአራቱም ይበቃል፣ በዲጂታል ሚዛን። ጓንት አድርግ፣ አሚን ቆዳ ያቃጥላል። የዕቃውን ጎንና ታች እየፋቅህ 3 ደቂቃ አማስል፣ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጠህ አንድ ደቂቃ ድገም። የመጀመሪያው ዕቃ ግድግዳ ላይ ያልተደባለቀ ይቀራልና። ቀዳዳውን እስከ ግማሽ ሙላ፣ ብሎኑን እያዞርህ አስገባ፤ ሙጫው በአፉ ገንፈል ካላለ ውስጥ አየር አለ።

ብየዳ_ማርቆስ፦ አምፖሉስ?

ትራፓኖ_ቡሬ፦ አሁን ይጠቅማል 😄 ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ጊዜው በግምት እጥፍ ይሆናል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ብዙዎቹ ሊቆሙ ምንም አይቀራቸው። 48 ሰዓት አትንካው። ኮንክሪት ስባሪ ላይ ስስ አድርገህ ቀብተህ አጠገቡ አኑር፣ ያንን በጥፍር ሞክር። ዕቃው ላይ የተረፈው ቀድሞ ስለሚጠጥር ያታልልሃል።

የጣና_ዳር፦ ቁም ነገር ልጠይቅ፤ ለንዝረት እንዲህ የደረቀ ነገር አይሰነጠቅም?

ሙጫ_አዋቂ፦ ለዚያ ጫፉ ካርቦክሲል የሆነ የቡታዳይንና አክሪሎናይትራይል ፈሳሽ ጎማ አለ፣ ለ100 ግራም ሬዚን ከ5 እስከ 15 ግራም። ግን በሲኒ አይጨመርም፤ ቀድሞ ከሬዚኑ ጋር በሙቀት መያያዝ አለበት። በዚያ መልክ የተዘጋጀ ሬዚን ይገዛል። ሲደርቅ ጎማው ደቃቅ እንክብል ሆኖ ይለያል፣ ስንጥቁን መንገድ ላይ ይይዘዋል። በደንብ የጸዳ ቀዳዳ ላለው ብሎን ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ብሎንና_ዳዶ፦ ወፍጮ_ደምበጫ፣ ክሩ ስንት ቦታ ነካ?