ከመኪና አደጋ በኋላ የፖሊስ ሪፖርቱ ጥፋተኛ ሲያደርጋችሁ ማንን ትቀጥራላችሁ? ምን ትገዛላችሁ?

"ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ግራ በመታጠፉ።"

ሪፖርቱ ላይ እኔን ጥፋተኛ ያደረገችኝ ይህቺ አምስት ቃል ናት። ፍሬቻ አሳይቻለሁ። ከኋላ የመጣው መኪና በግራዬ ሊቀድመኝ ሲል የፊት ግራ ፓራፋንጎዬን ገጨው። ፖሊሱ የደረሰው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ያኔ ፋናሌዬ ተሰባብሯል። የገጨኝ ሰውዬ ቀድሞ ታሪኩን ተርኳል። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሊብሬ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያልደረስኩበት ቦታ የለም። ጠበቃ፣ የአደጋ መርማሪ ባለሙያ፣ የኢንሹራንስ ቅሬታ፣ ዳሽካም (መኪና ውስጥ ተገጥሞ መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ)፣ ሁሉንም አየሁት። "ገንዘቤን የት ላውለው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን እዚህ ላስፍረው።

ገንዘብ ከማይጠይቀው ልጀምር። የሪፖርቱን ኮፒ ውሰዱና እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡት። ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመረጃ ስህተት ነው፤ ታርጋ፣ የመንገዱ ስም፣ ፖሊሱ በሣለው የአደጋ ፕላን ላይ መኪናችሁ የቆመበት ረድፍ፣ የቀስቱ አቅጣጫ። ይህን ማስረጃ ይዞ ሄዶ ማሳረም ብዙ አያስቸግርም። ሁለተኛው የፖሊሱ ግምት ነው። "ጥፋቱ የእሱ ነው" ያለ ፖሊስ ስለጠየቃችሁት ብቻ ግምቱን አይቀይርም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልቀይርም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው የእናንተ ቃል በጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ መጠየቅ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። "ሰውዬው ውሸታም ነው" ብላችሁ አትጻፉ። "ፕላኑ ግጭቱን በቀኝ ረድፍ ያሳያል፤ የፋናሌው ስብርባሪ ግን ፎቶው ላይ በግራ ረድፍ ነው" ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ረቂቄ አራት ገጽ ሙሉ ስድብ ነበር። ደግነቱ እህቴ ቀደደችው።

ቀጥሎ ኢንሹራንሱ። ብዙ ሰው ሪፖርቱን እንደ ፍርድ ይቆጥረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኢንሹራንስ ጥፋቱን በራሱ ሚዛን ይመዝናል። ሪፖርቱ አንድ ማስረጃ ነው፣ ከባዱ ማስረጃ ግን እሱ ነው። ስለዚህ ስልክ ደውሎ ከመጮህ "ውሳኔው የተመሠረተበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ" ማለት ይሻላል። ምክንያቱን በእጃችሁ ሳትይዙ ባለሙያም ጠበቃም መቅጠር በጨለማ መተኮስ ነው። የእኔዎቹ በሁለት መስመር መለሱልኝ። ሁለቱም መስመር ስለ ፍሬቻው ነበር።

ጠበቃ ላይ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ ጠበቃ፤ ሌላው ሁሉ በኋላ። የወንጀል ክስ ሊመጣ የሚችል ከሆነማ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት አማክሩ። ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ግን ረጋ በሉ። ክፍያቸው በሰዓት፣ በቁርጥ ወይም ከሚገኘው ካሳ በመቶኛ ነው። በመቶኛ የሚሠራ ጠበቃ ትንሽ የፓራውልት ጉዳይ አይዝም፣ ቢይዝም ልቡ እዚያ አይሆንም። ለእኔ ያዋጣኝ የአንድ ሰዓት ምክር ብቻ መግዛቴ ነው። ጠበቃዋ ወረቀቶቹን አገላበጠችና "እኔን አይደለም የምትፈልገው፤ አምፖሉን የሚያነብ ሰው ፈልግ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አምፖል ይነበባል ለካ።

የአደጋ መርማሪ ባለሙያው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ትንሽ ቆጣ የሚሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ከግጭቱ በኋላ ፍሬቻውን አብርተህ ሞክረሃል?" ብለው ነው። አልሞከርኩም። "ጎበዝ" አሉ። አምፖሏን ነቅለው፣ በማጉያ መነጽር ካዩ በኋላ እኔንም አሳዩኝ። ውስጧ ያለው ቀጭን ክር መደበኛ ጥምዝምዙ ጠፍቶ በአንድ በኩል ተለጥጦ ረግቧል፤ አላግባብ እንደተጎተተ ስፕሪንግ። ክሩ በርቶ ሲግል ስለሚለሰልስ ምት ሲያርፍበት ይለጠጣል። ጠፍቶ ቀዝቅዞ ከሆነ ወይ እንዳለ ይቀራል ወይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። መስታወቱም ከተሰበረ የጋለው ክር አየር ሲያገኘው ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ ያቺ አምፖል በግጭቱ ቅጽበት ፍሬቻው እየሠራ እንደነበር መዝግባ ይዛለች። ከአደጋው በኋላ አብርቼ ብሞክራት ኖሮ ማስረጃው ይበላሽ ነበር። ጋራዡ እንደለመደው ፋናሌውን ቀይሮ ቢጥለውማ አለቀልኝ ነበር። የፍሬን መብራት ላይም ይኸው ነው። ለኤልኢዲ መብራት ግን አይሠራም፤ ክር የለውም።

ሁለተኛው ሥራቸው የጎማ ምልክቱ ነበር። የገጨኝ ሰውዬ ቃሉን ሲሰጥ "በ30 ነበር የምነዳው" ብሏል። አስፋልቱ ላይ ፍሬን የያዘበት ጥቁር መስመር ግን 20 ሜትር ገደማ ነው። በደረቅ አስፋልት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ 5 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። በ60 ግን 20 ሜትር ይፈጃል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ እሱ 20 ሜትር ጎትቶም እኔን ገጭቶ ነው የቆመው። በስልኬ ካነሳኋቸው ፎቶዎች አንዱ ላይ ምልክቱ ከመንገዱ ነጭ መስመሮች ጎን ለጎን ይታያል። ባለሙያው ቦታው ድረስ ሄደው ነጮቹን መስመሮች ለኩና ከዚያ ርዝመቱን አወጡ። አዳዲስ መኪኖች ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ስላላቸው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ምልክት አይተዉም። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነበርኩ።

አዳዲሶቹ ሌላ ነገር አላቸው። በብዙዎቹ የኤርባግ ኮምፒውተር ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ወደ 5 ሰከንድ ገደማ ይመዘግባል፦ ፍጥነት፣ ፍሬን፣ ነዳጅ መርገጫ። ይህን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ካገኛችሁ መኪናው ሳይጠገን ወይም ሳይሸጥ አስነብቡ።

ባለሙያ ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ። "ከዚህ በፊት ሪፖርትዎን ለፍርድ ቤት አቅርበው ያውቃሉ?" እና "ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ቢያገኙት ምን ይላሉ?" ሁለተኛውን ስጠይቅ ሽማግሌው "ሂሳቤን ተቀብዬ አርፈህ ቁጭ በል እልሃለሁ" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የቀጠርኳቸው። ገና መኪናውን ሳያይ "እናሸንፋለን" ያለኝን ሌላውን ተውኩት።

ዳሽካም ከአደጋው በኋላ ገዛሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሦስት ሞክሬ ያየሁት እነሆ። ከፊት ብቻ የሚቀርጸው ርካሹ የእኔን ዓይነት ጉዳይ አይፈታም፤ አደጋው ከኋላ ነው የመጣው። ባለሁለት ካሜራ ውሰዱ። ባትሪ ያለው ፀሐይ ላይ ሲውል ሊያብጥ ይችላል፤ በባትሪ ፈንታ ካፓሲተር (ኃይል ለአጭር ጊዜ የሚይዝ ዕቃ) ያለው ሙቀትን የተሻለ ይችላል። ጥራቱ 1080 ከሆነ 64 ጊጋባይት ካርድ በአንድ ካሜራ 8 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ከዚያ በራሱ ላይ ይደርባል። ምት ሲሰማው ፋይሉን የሚቆልፍ ቢሆንም አትመኑት፤ ካርዱን ያኔውኑ አውጡ። ሰዓቱንም አስተካክሉ። ቀኑ የተሳሳተ ቪዲዮ ይዞ መቅረብ ለተከራካሪው ስጦታ ነው። ፍጥነት የሚጽፈው ዓይነት ደግሞ በእናንተም ላይ ይመሰክራል፣ እወቁት።

ካሜራ ከሌላችሁ አካባቢው ያሉት ሱቆችና ሕንፃዎች ይኖራቸዋል። የእነሱም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይደመሰሳል። እኔ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄጄ "ትናንት ብትመጣ" ተባልኩ። በዚያው ቀን ሂዱ፣ ባይሰጧችሁ እንኳ እንዳያጠፉት በጽሑፍ ጠይቁ።

ፎቶ ለኢንሹራንስ ወይም ለባለሙያ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ይጠፋል። ዋናውን ከስልካችሁ አታጥፉ።

"ሪፖርቱን አስቀይርልሃለሁ" የሚል ጉዳይ ገዳይም መጥቶልኝ ነበር። ኧረ ባካችሁ! የአደጋ ክርክር ይዞ የመጣ ሰው በሐሰተኛ ሰነድ ክስ ይዞ መሄድ የለበትም።

ብዙዎች የሚጠይቁኝ መጨረሻውን ነው። ሪፖርቱ አልተቀየረም። አሁንም ያቺ አምስት ቃል እዚያው አለች። የእኔ አንድ ገጽና የባለሙያው ሦስት ገጽ ግን ከኋላዋ ተያይዘዋል። ኢንሹራንሱም ጥፋቴን ከ100 በመቶ ወደ 20 አወረደው። ሃያዋ "የግራ መስታወትህን በደንብ አላየህም" የምትል ናት። እሷንስ ልከራከር ብዬ ነበር። የባለሙያውን ክፍያ ከሚተርፈኝ ጋር አሰላሁና ተውኩት።