የጋራ ክሬን ግዢ፦ 2ኛው ረቂቅ ላይ የአባላት ውይይት

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ አባላት። ክሬን ተገዝቶልን ዋጋውን ቀስ በቀስ እንድንከፍል ያስገባነው የሊዝ ማመልከቻ «ምን ዓይነት ክሬን? ምን ሊያነሳ?» ተብሎ ተመልሷል። የመለሱት ሰዎች ልክ ናቸው፤ «ክሬን ይገዛልን» ብቻ ነበር የጻፍነው። እስካሁን ሦስት ሐሳብ አለን፦ መኪና ላይ የተገጠመ ተንቀሳቃሽ ክሬን፣ ከጣሪያ ሥር በሐዲድ የሚሄድ ኦቨርሄድ፣ በራሱ እግር የሚቆም ጋንትሪ። በቅድሚያ ግን እያንዳንዱ ቤት ምን እንደሚያነሳ በኪሎ ይጻፍልን።

ላሜራ ቤት፦ ከባዱ ዕቃችን 1.5 በ6 ሜትር የሆነ 10 ሚሊ ላሜራ ነው፤ አንዱ 700 ኪሎ ያልፋል። አሁን በቱቦ እያንከባለልን በሰው ጉልበት ነው የምናስገባው። አምስቱን በአንዴ እናውርድ ካልን 3.5 ቶን ነው።

ቶርኖ ቤት፦ የእኛ ዘንግ ቢበዛ 740 ኪሎ ነው። ለእኛ ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ክንዱ የሚዞር ጂብ ክሬን ይበቃናል፤ 1 ቶን የሚያነሳ።

የጭነት መኪና ያለው አባል፦ እኔ አሁንም ተንቀሳቃሽ ክሬን እላለሁ። 25 ቶን የሚያነሳ ይገዛ፣ ሥራ ሲጠፋ ለኮንስትራክሽን ይከራያል፣ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል።

ስትራክቸር ቤት፦ ወንድሜ፣ ኪራዩ ያጓጓል፣ አልክድም። ግን 25 ቶን የሚባለው ክንዱ አጥሮ ጭነቱ ከመሃሉ 3 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ነው። 20 ሜትር ሲርቅ 2 ቶን ግድም ነው የሚቀረው፤ የጭነት ሰንጠረዡን ሳያዩ የሚነሳ ጭነት ነው ክሬን የሚገለብጠው። ደግሞ ሼድ ውስጥ ክንዱን የት ያነሳዋል? የጎን እግሮቹንስ የት ይዘረጋል? ለማሽን ተከላ አልፎ አልፎ ስንፈልገው እንከራየው።

ኦቨርሄዱ ለፋብሪካ የሚመች ነው፤ ወለሉን ነፃ ይተወዋል። ችግሩ የእኛ ሼድ ቋሚዎች የተሠሩት ጣሪያ ሊሸከሙ ነው። ክሬኑ ሲቆም የሚገፋው ግፊት አልታሰበላቸውም። ሼዱ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ ቋሚው ላይ አንዲት ብረት ለመበየድ እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋንትሪ ግን ሼድ ብንቀይር ፈትተን ይዘነው እንሄዳለን። 5 ቶን ይሁን፤ ለላሜራውም ለተረፈውም ይበቃል።

ብየዳ ቤት፦ ጋንትሪ ከሆነ ለምን እንገዛለን? ሥራችን አይደል እንዴ?

ስትራክቸር ቤት፦ እግሩንና አግዳሚውን እንሥራው፣ እስማማለሁ፤ ያውም በመሐንዲስ ዲዛይን። ማንሻ ሞተሩ፣ ሰንሰለቱና መንጠቆው ግን የምስክር ወረቀት ያለው ተገዝቶ ይገጠም። ከተገጠመ በኋላም ባዶውን አይረከብም፦ በ6.25 ቶን ቆሞ፣ በ5.5 ቶን እየተንቀሳቀሰ ይፈተናል። ማለትም 125 እና 110 በመቶ።

ሒሳብ ሹም፦ መብራት ሲጠፋስ? ጭነቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይስ ይወድቃል?

ስትራክቸር ቤት፦ አይወድቅም እህቴ። የማንሻው ፍሬን በስፕሪንግ ነው የሚይዘው፤ ኤሌክትሪክ ነው የሚለቀው፣ ሲቋረጥ ይዘጋል። ሥራው እንዳይቆም ግን በእጅ የሚሳብ ቼይን ብሎክ መጠባበቂያ እንጨምር፤ እዚህ አገር ነን።

ሒሳብ ሹም፦ እንግዲያው የማሰሪያ ገመዱም በጀት ውስጥ ይግባ። ልጆቹ 1 ቶን በሁለት ገመድ ሲያነሱ ግማሽ ግማሽ የሚደርሰው ይመስላቸዋል። ገመዶቹ ከአግድሙ 60 ዲግሪ ላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ 580 ኪሎ ግድም ይደርሰዋል፤ እስከ 30 ዲግሪ ከተጋደሙ ግን እያንዳንዱ ሙሉ 1 ቶን ነው የሚሸከመው። ገመድ ባጠረ ቁጥር ይጋደማልና አጭር ገመድ ገዝተን ገንዘብ ቆጠብን እንዳንል።

የጭነት መኪና ያለው አባል፦ እሺ፣ ተንቀሳቃሹን ተውኩት። ግን «ለከባድ ማሽን ተከላ በኪራይ» የሚል መስመር በረቂቁ ይግባልኝ፤ አለዚያ ሰው ኋላ «ለምን አልተጠየቀም» ይላል።

ሰብሳቢ፦ ይገባል። አንቀጹ እንዲህ ይሁን፦ «ማህበሩ 5 ቶን የሚያነሳ ጋንትሪ ክሬን በመሐንዲስ ዲዛይን በአባላቱ ሠርቶ፣ ማንሻውን ከነምስክር ወረቀቱ ገዝቶ፣ በጭነት አስፈትኖ ይረከባል። ለቶርኖ ቤት የ1 ቶን ጂብ፣ ለሁሉም ማሰሪያና ቼይን ብሎክ ይጨመራል። ለከባድ ማሽን ተከላ ተንቀሳቃሽ ክሬን በኪራይ ይቀርባል።»

ከመፈረማችን በፊት የቀረው ወለሉ ነው። የኮንክሪቱን ውፍረት ሳናውቅ የጂቡን መሠረት ዋጋ ማውጣት አይቻልም። ብየዳ ቤት፣ ቀዳዳ መብሻ ማሽን ያላችሁ እናንተ ናችሁ፤ እስከ ዓርብ ለክታችሁ ላኩልኝ። ፕሮፎርማውን ከሦስት አቅራቢ ሒሳብ ሹሟ ትሰበስባለች።