ፍሪሲዮን ወርዶ ቮላኖው ላይ መወሰን አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገን። መኪናዬ የድሮ ኮሮላ ነው፣ ማንዋል። ሰሞኑን ከቴዎድሮስ አደባባይ ቸርችልን ወደ ፒያሳ ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ የለም፤ ውስጡ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ከኋላ ያለው ታክሲ ደግሞ ጥሩምባውን ያንባርቀዋል። ትናንት ካምቢዮው ወረደ። የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቆ ሪቬቱ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን፣ ሸራው የሚነክሰውን ከባድ ክብ ብረት) ቦርቡሮታል። ፊቱ ላይ ሰማያዊ የሙቀት ነጠብጣብና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ፣ አንዱ ጥፍሬን ይይዘዋል።

ሸራውን፣ ፕሬሸሩን (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን) እና ኩሽኔታውን አንድ ላይ እቀይራለሁ፣ እሱ አለቀ። የቸገረኝ ቮላኖው ነው። መካኒኩ "ቶርኖ ቤት ወስደን እናስላጨው" ይላል። ቦርቦሩስ ይላጫል፣ ስንጥቁ ግን ከስር ቢቀርስ? ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦርጅናል አግኝቻለሁ። አንዱ ሻጭ ደግሞ "ክብደቱ ቀላል የሆነውን ቮላኖ ውሰድ፣ መኪናህ ይበራል" አለኝ። ለምን ይብረር ወንድሜ! እኔ ዳገት ላይ እየቆምኩ የምነሳ ሰው ነኝ፤ ቀላል ቮላኖ የሞተሩን ዙር ቶሎ ስለሚጥል ስነሳ ሞተር ሊያጠፋብኝ ነው።

ያገለገለውን ስገዛ ከስንጥቁና ከዙሪያ ጥርሱ ሌላ ምን ልይ? ከተፈታ አይቀር የክራንኩን የኋላ ኦይል ሲልስ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን) ልቀይረው? መካኒኩ ነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋል።