ልጄ አፉን አልፈታም ለምትሉ ወላጆች

«ልጄ 22 ወሩ ነው፣ አፉን አልፈታም፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ ከቨርጂኒያ የጠየቅሽው እህቴ፣ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚሉሽን ለጊዜው ተያቸው። ልጅሽ 22 ወሩ ከሆነ የእድገት ምርመራ እንዲደረግለት አሁኑኑ ደውዪ። እዚህ አሜሪካ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የእድገት ምርመራው በፌዴራል ሕግ በነፃ ነው፤ ገቢሽም ሆነ የመኖሪያ ወረቀትሽ አያግድሽም። የሐኪም ደብዳቤም አያስፈልግም፣ «የልጄ እድገት አሳስቦኛል» ብለሽ ራስሽ ማመልከት ትችያለሽ።

የምትደውዪው ምርመራውን ለሚሰጠው ፕሮግራም ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ስላለሽ የአንቺው «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን» ይባላል። ሜሪላንድ ላላችሁ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም»፣ ዲሲ ደግሞ «ስትሮንግ ስታርት» ነው። ያመለከትሽበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ። ምርመራውንም፣ ልጁ ለአገልግሎቱ ብቁ ከሆነ ምን እንደሚደረግለት የሚታቀድበትን ስብሰባም በ45 ቀን ውስጥ ማድረስ አለባቸው።

ብዙ ጊዜ ቤት ድረስ መጥተው እያጫወቱት ነው የሚያዩት። ንግግሩን ብቻ ሳይሆን አካሄዱን፣ ግንዛቤውን፣ ከሰው ጋር ያለውን ነገር፣ ራሱን ችሎ መብላቱን ጭምር ያያሉ። ገና ስትደውዪ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ታላቅ እህቱ እንዳታስተረጉም። የሚላቸውን ቃላት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈሽ አሳዪያቸው፤ የእንግሊዝኛውን ብቻ ከቆጠሩ ልጁ ያለ አግባብ የዘገየ ይመስላል። «አማርኛውን ተይው» የሚልሽን ደግሞ አትስሚ፣ ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም።

ሌላው፣ ሐኪም ቤት በ18 እና በ24 ወሩ የኦቲዝም መጠይቅ ይሰጡሻል። ብዙዎቻችን (ይሉኝታችን ነው መቼም) ሁሉንም «ደህና ነው» ብለን ሞልተን እንመልሳለን። ያየሽውን እንዳለ ሙዪ።

ስም ይወጣበታል ብለሽም አትፍሪ። ያለ አንቺ ፊርማ ምርመራ አይጀመርም፣ አገልግሎቱንም የማትፈልጊው ከሆነ አልቀበልም ማለት ትችያለሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ ምርመራውና እቅዱ ነፃ ነው፣ ቴራፒው (ልጁን የሚያለማምዱበት አገልግሎት) ግን እንደ ገቢሽ ሊያስከፍል ስለሚችል ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ሜሪላንድ ቴራፒውም ነፃ ነው።

«ብቁ አይደለም ካሉኝስ?» ላልሽው፣ ቨርጂኒያ በአንዱ ዘርፍ እንኳ 25 በመቶ መዘግየት ካለ ብቁ ነው። ብቁ አይደለም ካሉሽ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ካልተስማማሽ አቤት ማለት መብትሽ ነው፣ ከጥቂት ወራት በኋላም እንደገና ማመልከት ትችያለሽ። 3 ዓመት ካለፈው ግን የምትደውዪው ለከተማሽ የትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው፣ እዚያም ምርመራው አያስከፍልም።